ቀይና ጥቁሩ መስመር፦ የጄት አውሮፕላን የፍጥነት ጣሪያ ከየት ይመጣል?

የመጀመሪያው የሥራ ቃለ መጠይቄ ላይ የወደቅኩት በአንድ ጥያቄ ነው። ሌላውን ሁሉ እንደምንም መልሼ ነበር። ጠያቂው አንጋፋ ካፒቴን ናቸው። እርሳሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አጋደሙና "የቦይንግ 737 የፍጥነት ጣሪያ ስንት ነው?" አሉኝ። እንደ ዳዊት ደገምኩላቸው። 340 ኖት (በሰዓት የባሕር ማይል) እና ማክ 0.82 (የድምፅ ፍጥነት 82 በመቶ)።

"ጥሩ። ለምን ሁለት ሆነ?"

ዝም አልኩ። ከዚያ አፌ ላይ የመጣውን ተናገርኩ፤ "ሞተሩ ከዚያ በላይ ስለማይችል።" ፈገግ አሉ። ያቺን ፈገግታ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። "ስለመጣህ እናመሰግናለን" ብለው ሸኙኝ።

ይህን የምጽፈው ያው ጥያቄ ለሚጠብቃችሁ ነው። ቁጥር መሸምደድ ቀላል ነው። ከቁጥሩ ጀርባ ያለውን ግን ብዙዎቻችን ሳንረዳው ፈተና እናልፋለን። እኔ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው፤ ግማሹን ከአንድ ጥሩ አስተማሪ፣ ግማሹን ደግሞ አንድ ሌሊት ውቅያኖስ ላይ ልቤ ጉሮሮዬ ውስጥ ተወትፎ።

ከሞተሩ ልጀምር፣ ምክንያቱም የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ግምት እሱ ነው። የመንገደኛ ጄት ዝቅ ብሎ ሲበር ሞተሩ የሚተርፍ ጉልበት አለው። ሳይወርድ ሳይወጣ፣ ቀጥ ብሎ እየበረ እንኳ ጋዙን ብትገፉት ጣሪያውን ጥሶ ያልፋል። አስተማሪዬ ሲሙሌተር ውስጥ ይህን አስደረገኝ። 5,000 ጫማ ላይ ነበርን። "ግፋው" አለኝ፣ ገፋሁት። ፍጥነቱ 300፣ 320፣ 335 እያለ ወጣ። ሞተሩ ገና አልደከመም። የማስጠንቀቂያው ድምፅ ሲንጣጣ እኔ በድንጋጤ መለስኩት፣ እሱ ሳቀ። "አየህ? የሚከለክልህ ሞተሩ አይደለም" አለኝ።

ታዲያ ምንድን ነው የሚከለክለው?

መጀመሪያ የፍጥነት መለኪያው ራሱ ምን እንደሚለካ መግባባት አለብን። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ እኔም ተሳስቻለሁ። አፍንጫው አካባቢ ያለችው ፒቶት የምትባል ቀጭን ቱቦ ፍጥነት አታውቅም። የምታውቀው አየሩ ምን ያህል እየገፋት እንደሆነ ብቻ ነው። መለኪያው ያንን ግፊት ወደ ኖት ቀይሮ ያሳየናል። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ 35,000 ጫማ ላይ ውፍረቱ ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሲሶ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ያንኑ ግፊት ለማግኘት አውሮፕላኑ እጅግ ፈጥኖ መሄድ አለበት። እዚያ ከፍታ ላይ፣ በመደበኛ የሙቀት መጠን፣ መለኪያው 270 ኖት ሲል በእውነቱ አየሩን የምንሰነጥቀው ወደ 460 ኖት በሚጠጋ ፍጥነት ነው።

ይሄ ማጭበርበር አይደለም፤ እንዲያውም የምንፈልገው እሱን ነው። ክንፉ፣ መስታወቱ፣ ጅራቱ የሚሰማቸው እውነተኛውን ፍጥነት ሳይሆን ግፊቱን ነው። ግፊቱ ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይጨምርም። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። አሥር በመቶ ብቻ ብትጨምሩ ግፊቱ በሃያ አንድ በመቶ ያድጋል። የ340 ኖቱ ጣሪያ ከዚህ የመጣ ነው። አካሉ ይህን ያህል ግፊት፣ በዚያ ላይ ድንገተኛ የንፋስ ምት ተጨምሮበት፣ ሳይጎዳ እንዲሸከም ሆኖ ነው የተሠራው።

ግን "ይሰበራል" ማለት ብቻውን አይበቃም። ብረት ሲጎትቱት እንደሚበጠሰው ያለ ነገር ይመስላችኋል። መሐንዲሶቹን እንቅልፍ የሚነሳቸው ሌላ ነው። ፍላተር ይባላል።

አስተማሪዬ ያሳየኝ በፕላስቲክ ማስመሪያ ነው። ግማሹን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ በመዳፉ ተጭኖ ያዘው። የወጣውን ጫፍ በጣቱ ነካ ሲያደርገው ድርርር አለ። "ክንፍም እንደዚህ ነው፣ የራሱ የመወዛወዝ ምት አለው" አለኝ። ከዚያ ጫፉን ይዞ ጠመዘዘው። "ክንፍ ደግሞ ይጠመዘዛል፣ ለዚህም የራሱ ምት አለው።" አውሮፕላኑ ቀስ ብሎ ሲሄድ አየሩ ሁለቱንም ያረጋጋቸዋል። ፍጥነቱ ሲጨምር ግን ሁለቱ ምቶች እየተቀራረቡ ይመጣሉ። አንድ ነጥብ ላይ ሲገጣጠሙ ክንፉ ወደ ላይ ሲታጠፍ ይጠመዘዛል፣ ሲጠመዘዝ አየሩ የበለጠ ያጥፈዋል። ከአየሩ ጉልበት እየበላ ራሱን በራሱ ያወዛውዛል። የሚያቆመው ካልተገኘ በሴኮንዶች ውስጥ ክንፍ ወይም ጅራት ሊገነጠል ይችላል። አስፈሪው ነገር አስቀድሞ አለማስጠንቀቁ ነው። ትንሽ በፊት ሁሉም ሰላም ነው። ትንሽ ቆይቶ አይደለም።

ለዚህ ነው የሙከራ አብራሪዎች አዲስ አውሮፕላን ይዘው ፍጥነቱን የሚጨምሩት በጥቂት በጥቂቱ የሆነው። እያንዳንዱ ደረጃ ላይ ክንፉን ሆን ብለው ያንቀጠቅጡትና መንቀጥቀጡ ቶሎ መሞቱን ያያሉ። መሞቻው ጊዜ እየረዘመ ከመጣ ገደሉ ቀርቧል ማለት ነው።

በነገራችን ላይ የግፊት ጣሪያው ከፍላተር ሌላም ምክንያቶች አሉት። አንዱ ክንፉ ራሱ መጠማዘዙ ነው። ጫፉ አካባቢ ያለችው ኤለሮን የምትባል ተንቀሳቃሽ ሳንቃ ወደ ታች ስትታጠፍ ያንን ክንፍ ማንሳት ነበረባት። በጣም ፈጥናችሁ ስትሄዱ ግን አየሩ ኤለሮኗን ሳይሆን ክንፉን በሙሉ ይጠመዝዘዋል፤ መሪውን ወደ ግራ ስታዞሩ አውሮፕላኑ ወደ ቀኝ ሊያጋድል ይችላል። ቢ-47 የተባለው ቦምብ ጣይ በዚህ ችግር ይታወቅ ነበር። እንደ 747 ያሉ ትልልቅ አውሮፕላኖች በፍጥነት ሲበሩ የጫፎቹን ኤለሮኖች የሚቆልፉት ለዚህ ነው።

ሌላው ወፍ ነው። አትሳቁ። የፊት መስታወቱ 1.8 ኪሎ የሚመዝን ወፍ በዲዛይኑ የጉዞ ፍጥነት ቢመታው እንዳይበሳ ሆኖ መሠራት አለበት። በ737 ላይ የመስታወቱ ማሞቂያ ከተበላሸ ከ10,000 ጫማ በታች ከ250 ኖት አትለፉ ይላል መመሪያው። ተማሪ ሳለሁ ማሞቂያውና ፍጥነቱ ምን እንዳገናኛቸው ግራ ይገባኝ ነበር። ነገሩ ቀላል ነው፤ መስታወቱ ሲቀዘቅዝ መሃሉ ያለው ላስቲክ መሰል ንብርብር ይደርቃል፣ ወፍ ሲመታው እንደ ሙቁ አይለጠጥም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ቁጥር። ማክ 0.82።

ማክ ማለት ፍጥነታችሁ ከድምፅ ፍጥነት ጋር ሲነጻጸር ነው። የድምፅ ፍጥነት ደግሞ የሚወሰነው በሙቀት ብቻ ነው። 15 ዲግሪ ላይ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ ነው። 11 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከዜሮ በታች 56 ዲግሪ ሲሆን፣ ወደ 295 ሜትር ይወርዳል። ስለዚህ ስትወጡ ሁለት ነገር አብሮ ይሆናል። አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ እናንተ ትፈጥናላችሁ፣ አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ደግሞ የድምፅ ፍጥነት ወደ እናንተ ይወርዳል።

"እና ከድምፅ እስካላለፍን ምን አገባን?" ትሉ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። ጉዳዩ አውሮፕላኑ ከድምፅ በታች ሆኖ ሳለ በክንፉ ጀርባ ላይ የሚያልፈው አየር ከድምፅ በላይ መሆኑ ነው። ክንፍ የሚያነሳው ከላዩ ያለውን አየር አፍጥኖ ነው። እናንተ 0.80 ላይ ናችሁ፣ ክንፉ ጀርባ ላይ ያለው አየር ግን 1ን አልፏል። ያ ፈጣን አየር መልሶ ሲቀንስ ቀስ ብሎ አይደለም፣ ግድግዳ እንደገጠመው ነው። ያንን ግድግዳ ሾክ ዌቭ ይሉታል። ፍጥነት ስትጨምሩ ግድግዳው እየበረታ ወደ ኋላ ይሄዳል። ከጀርባው ያለው አየር ክንፉን ለቅቆ ይረበሻል። መጀመሪያ ከመቀመጫችሁ ሥር ጥርብ ድንጋይ ላይ እንደመንዳት ያለ መንቀጥቀጥ ይሰማችኋል። ቀጥሎ አውሮፕላኑን የሚያነሳው ኃይል ወደ ኋላ ስለሚሸሽ አፍንጫው በራሱ መውረድ ይጀምራል። አፍንጫው ሲወርድ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ፍጥነቱ ሲጨምር አፍንጫው የባሰ ይወርዳል። 737 ይህን ለማስታገስ ከማክ 0.615 ጀምሮ የጅራቱን አቅጣጫ በራሱ የሚያስተካክል መሣሪያ አለው።

ድምፅን መቅደም በራሱ አውሮፕላን ይበታትናል የሚለው ግን ተረት ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 21 ቀን 1961 ዳግላስ ዲሲ-8 የተባለ የመንገደኛ ጄት ለሙከራ ከ50,000 ጫማ በላይ ወጣ። ከዚያ ሆን ተብሎ ወደ ታች ተወረወረና ማክ 1.012 ደረሰ። ክንፉ በቦታው ነበር። የሚገርመኝ ግን መውጫው ነው። አብራሪው መሪውን ቢስብም የጅራቱን ማስተካከያ የሚያንቀሳቅሰው ሞተር ጫናውን አልቻለውም። ስለዚህ መልሶ ትንሽ ወደ ፊት ገፋው፤ ጫናው ቀለለ፣ ሞተሩም ሠራ፣ አውሮፕላኑ ቀና አለ። መሬቱ እየቀረበ መሪውን ወደ ፊት የሚገፋ ሰው ምን ዓይነት ልብ እንዳለው እናንተው ገምቱ። ያ አውሮፕላን በኋላ መንገደኛ ሲያመላልስ ኖረ።

እንግዲህ ለቃለ መጠይቁ መልስ የሚሆናችሁ ይኸውላችሁ። ዝቅ ብላችሁ ስትበሩ መጀመሪያ የምትደርሱበት ጣሪያ የግፊቱ ነው፤ ከማክ ጣሪያ ገና ሩቅ ናችሁ። ከፍ ስትሉ ደግሞ ግፊቱ ገና ሩቅ ሆኖ ሳለ ማክ ይቀድማችኋል። ለ737 ሁለቱ የሚገናኙት 26,000 ጫማ አካባቢ ነው። ኮክፒት ውስጥ ይህን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ፍጥነት የምታሳየው ዓምድ አናት ላይ ቀይና ጥቁር እያለች የምትወርድ መስመር አለች፤ ባርበር ፖል እንላታለን። ስትወጡ እስከ 26,000 አካባቢ 340 ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ከዚያ በኋላ ወደ እናንተ መውረድ ትጀምራለች። እኔ ይህን ካየሁ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ሲሙሌተር የሚገባ ሰው ካለ፣ ምንም ሳይሠራ አንድ ጊዜ ያቺን መስመር ብቻ እያየ 37,000 ድረስ ይውጣ።

ታዲያ መስመሯ ገደሉ ናት? አይደለችም። ይህም እኔ ያልተነገረኝ ነገር ነው። አውሮፕላኑ የሚነደፈው ከመስመሯ በላይ ላለ ሌላ ፍጥነት ነው፤ የመጥለቂያ ፍጥነት ነው የሚባለው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የዘፈቀደ አይደለም። አንዱ ስሌት እንዲህ ይላል፦ አውሮፕላኑ በጉዞ ፍጥነቱ ላይ ሳለ አፍንጫው ድንገት በ7.5 ዲግሪ ቢወርድ፣ ለ20 ሴኮንድ ማንም ባይነካው፣ ከዚያ አብራሪው በለስላሳው ቢያቀናው፣ የሚደርስበት ፍጥነት ከመጥለቂያው ፍጥነት ማለፍ የለበትም። ፍላተርም እስከዚያ፣ ከዚያም ትንሽ አልፎ፣ እንደማይነሳ መረጋገጥ አለበት። በሌላ አነጋገር መስመሯ ለደነገጠ ወይም ለተዘናጋ ሰው የተተወች ጊዜ አላት። ይሄ ግን እየጣሳችሁ ተጫወቱ ማለት አይደለም። ያ ትርፍ የንፋስና የስህተት ነው፣ የናንተ አይደለም።

ከላይ ውቅያኖስ ያልኳችሁ ሌሊት እዚህ ጋ ይመጣል።

ሥራ ከያዝኩ ስምንት ወር ሆኖኛል። 37,000 ጫማ ላይ ነን፣ ማክ 0.79። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ካፒቴኑ ወረቀት እየሞላ ነው፤ የማበረው እኔ ነኝ። የፊት ለፊት ንፋሱ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ በ25 ኖት ያህል ጨመረ። የንፋስ ዥረቱ ዳር ገብተን ነበር። አውሮፕላኑ ከባድ ስለሆነ ወዲያው አይቀንስም፤ ንፋሱ ሲጨምር መለኪያው ላይ ያለው ፍጥነት አብሮ ዘለለ። ፍጥነቱ ወዴት እንደሚሄድ የምታሳየው ቀስት መስመሯን ወግታ ወጣች። ከዚያ ያ ድምፅ መጣ። ቀቀቀቀቀ። ክላከር ነው የሚሉት። የብረት ሳህን በጥፍር እንደሚደበደብ ያለ፣ የማያባራ ድምፅ።

እጄ ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ። ቀኝ እጄ ኦቶፓይለቱን ለመንቀል መሪውን ያዘ። አውራ ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር። አንጎሌ የሚለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አፍንጫውን ወደ ላይ ሳበው።

"እንዳትነካው!" አለኝ ካፒቴኑ። አልጮኸም። "ስፒድ ብሬኩን ቀስ አድርገህ ሳብ። ቀስ።"

ሳብኩት። ጥቂት ብቻ። ክንፎቹ ላይ ያሉት ሳንቃዎች ብድግ ሲሉ ወንበሬ ሥር ለስለስ ያለ ንዝረት ተሰማኝ። ቀስቷ ወረደች። ድምፁ ተቋረጠ። ከዚያ እንደገና ቀስ አድርጌ መለስኩት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሥር ሴኮንድ ቢሆን ነው። ከፍተኛው የደረስንበት 0.83 ነበር።

ቡናዬ ሲቀዘቅዝ ካፒቴኑ አስረዳኝ። "መስመሯን በ0.01 ብታልፍ ክንፍህ አይወድቅም። እዚህ ከፍታ ላይ መሪውን ብትስብ ግን ሌላ ጣጣ ታመጣለህ።" ጣቱን ከዓምዱ ግርጌ አደረገ። እዚያ ደግሞ ቢጫዋ መስመር አለች፤ ከሷ በታች ስትወርዱ ክንፉ አየሩን መያዝ ወደሚያቅተው ፍጥነት እየቀረባችሁ ነው፤ ያንን ማቃት ስቶል ይሉታል። ከፍታ ላይ ሁለቱ መስመሮች ይቀራረባሉ። ስትስቡ ክንፉ የሚሸከመው ክብደት ስለሚጨምር የታችኛዋም ወደ ላይ ትመጣለች፣ መንቀጥቀጡም ከሁለቱም በኩል ይቀድማል። ዩ-2 የተባለው የስለላ አውሮፕላን እጅግ ከፍ ሲል በሁለቱ መካከል የሚቀረው ከአሥር ኖት እንኳ ሊያንስ ይችል ነበር።

ከዚያ በኋላ ስለ ኤር ፍራንስ በረራ 447 ሳነብ ያ አውራ ጣቴ ትዝ ይለኛል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 1 ቀን 2009 ኤርባስ ኤ330 አትላንቲክ ላይ ሳለ የፒቶት ቱቦዎቹ በበረዶ ተደፈኑ፤ የፍጥነት መለኪያው ለአጭር ጊዜ የማይታመን ሆነ። አብራሪው መሪውን ሳበ። አውሮፕላኑ ወደ 38,000 ጫማ ወጣ፣ ፍጥነቱ ሞተ፣ ስቶል አደረገ። 228 ሰው አለቀ። በድምፅ መቅጃው ላይ ከአብራሪዎቹ አንዱ በጣም እየፈጠኑ እንደሆነ እንደሚሰማው ሲናገር ይሰማል። እየወደቁ ነበር። መንስኤው አንድ ብቻ አይደለም፤ ግን መፍጠንን መፍራት ምን ያህል እጅን እንደሚያዝ እኔ አውቀዋለሁ።

ያ ሌሊት አንዳንድ ልማዶቼን ቀይሯል። ካርታው ላይ የንፋሱ ዥረት ዳር የት እንደሆነ አስቀድሜ አያለሁ፤ እዚያ ስደርስ 0.79 ላይ አልገትርም፣ ትንሽ ቀነስ አደርጋለሁ። መናጥ ሲጀምር ወደ 0.76 እመጣለሁ፣ ዝቅ ካልን 280 ኖት። ይህ ፍጥነት የተመረጠው ከላይኛውም ከታችኛውም መስመር በቂ ርቀት ስለሚሰጥ ነው። እጄን ደግሞ ከጋዙ አጠገብ እንጂ ከኦቶፓይለት መንቀያው ላይ አላስቀምጥም። ጎማና ፍላፕ (ለመነሳትና ለማረፍ ከክንፉ ጀርባ የሚዘረጋው ሳንቃ) የራሳቸው፣ በጣም ያነሱ ጣሪያዎች አሏቸው፤ ጎማ ለማውረድ 270፣ ለመሰብሰብ 235 ኖት። እነዚህ ሽምደዳ ናቸው፣ ብዙ ፍልስፍና የላቸውም።

አንዴ አንድ ተማሪ "ኮንኮርድስ?" ብሎ ጠየቀኝ። ከድምፅ በላይ ትበር የነበረችውን የመንገደኛ አውሮፕላን ማለቱ ነው። ኮንኮርድን ይገድበው ከነበረው አንዱ ሙቀት ነው። ማክ 2 ላይ አየሩ ራሱ ያግላል፤ የአፍንጫዋ ጫፍ ከ127 ዲግሪ እንዳያልፍ ይጠበቅ ነበር፣ ምክንያቱም አካሏ የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው። ከዚያ በላይ ለመሄድ እንደ ኤስአር-71 የስለላ አውሮፕላን ቲታኒየም ያስፈልጋል። ለእኛ መንገደኛ ጄቶች ሙቀት ጭንቀት አይደለም።

ያን ቀን ጠዋት ካረፍን በኋላ መዝገቡ ላይ መጻፍ ነበረብን። ጣሪያ ካለፋችሁ ይጻፋል፤ ለአንድ ሴኮንድም ቢሆን። እንደማፈር እያልኩ ጻፍኩት። ቴክኒሺያኑ መጣ፣ አነበበው። "ስንት ሴኮንድ?" አለኝ። "አሥር ቢሆን ነው።" ምንም አላለም። ባትሪውን አብርቶ ክንፉ ሥር ገባ፣ እኔም ተከተልኩት። የፍላፕ መሸፈኛዎቹን አንድ በአንድ በመዳፉ እየነካ አለፈ። የሞተሩን ከንፈር ዞረ፣ አንዷን ብሎን በጥፍሩ ሞከራት። ጅራቱ ሥር ቆሞ ብዙ ወደ ላይ አየ። ከዚያ ባትሪውን አጥፍቶ መዝገቡን ጭኑ ላይ አስደግፎ ፈረመ። ተመልሼ ስወጣ ቀጣዮቹ መንገደኞች ሻንጣቸውን እየጎተቱ ደረጃው ላይ ነበሩ።